«አንድ በሉን»

አስተርጓሚ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ተሳስቻለሁ። አንድ አባት «ሦስት ሰዓት ይመቸኛል» ሲሉኝ በፈረንጅ ሦስት ሰዓት አስያዝኩላቸው። ጠዋት ሄደው በር ላይ ቆመው ተመልሰዋል። «ልቤን ያጥወለውለኛል» ያለች ነፍሰ ጡር በእኔ ምክንያት ለልብ ምርመራ ልትላክ ምንም አልቀራት ነበር። እነዚህ ተስቆባቸው አልፈዋል። አንዲት ስህተት ግን ከአሥር ዓመት በላይ አብራኝ ኖራለች። የሁለት ቃል ስህተት ናት። ማንም አላወቀብኝም። እንዲያውም ተመስግኜባታለሁ።

ነገሩ የሆነው እዚህ ለንደን ነው፣ በ2012 መጨረሻ ገደማ። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) ያኔ ጫት በእንግሊዝ ሕጋዊ ነበር። ከናይሮቢ በአውሮፕላን ሂትሮው ይገባል፣ በማግስቱ ሱቅ ላይ ነው። አንድ እስር ከ3 እስከ 6 ፓውንድ ይሸጣል። የኬንያው «ሚራ» ርካሹ ነው። ከሐረር በኩል የሚመጣው ወደድ ይላል፣ የእኛ ሰዎችም እሱን ሲያገኙ ዓይናቸው ይበራል። ሶማሌዎች «መፍረሽ» የሚሏቸው የመቃሚያ ቤቶች ነበሩ። ፍራሽ፣ ሻይ፣ ቴሌቪዥን፣ የአገር ቤት ፖለቲካ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ የሠፈር አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፤ ጫት ይከልከል ወይስ አይከልከል? ወንዶቹ ከኋላ፣ ሴቶቹ ከፊት ተቀመጡ። ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል። መሐል ላይ ብስኩትና ትኩስ ውሃ የተደረደረበት ጠረጴዛ። ከፊት አንዲት ማስታወሻ የምትይዝ ባለሥልጣን። እኔ ከጎኗ ቆሜያለሁ።

## ሁለቷ ቃል

አንዲት ሴት ተነሡ። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ የድሬዳዋ ሰው። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው ረጋ ብለው ጀመሩ።

«ባሌ ድሬዳዋ እያለም ይቅማል። እዚያ ግን በርጫው ሰዓት አለው። ከምሳ በኋላ ይቀመጣል፣ ማታ ይነሣል፣ ጠዋት ሱቁን ይከፍታል። እዚህ ሱቅ የለው፣ ለምን ብሎ ይነሣ? ሌሊቱን አይተኛም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሱ ተኝቷል። ሲመለሱ ወጥቷል። ቋንቋ ተማር አሉት፣ ሄደ፣ ክፍሉ ሞልቷል ብለው መለሱት። ሐኪም ጋ ወሰድኩት፣ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጡት። እኔ ሁለት ቦታ ጽዳት እሠራለሁ፤ ደክሞኛል። እባካችሁ አንድ በሉን።»

ባለሥልጣኗ ሰዓቷን አየች። እጃቸውን ያወጡ ሌሎች አሥር ሰዎች አሉ። እኔም አሳጠርኩት። ባልየው ቀኑን ሙሉ እንደሚቅም፣ ሥራ እንደሌለው፣ ሴትዮዋ እንደደከማቸው ተናገርኩ። «አንድ በሉን» ላይ ስደርስ ለአፍታ ቆምኩ። ከዚያ «እንዲታገድላቸው ይለምኗችኋል» ብዬ በእንግሊዝኛ ዘጋሁት።

ከፊት የተቀመጡት እንግሊዝኛ የሚሰሙ ሴቶች አጨበጨቡ። ባለሥልጣኗ ጻፈች። ከቆምኩበት ይታየኛል። «ይታገድ» የሚለውን ቃል ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት።

ሴትዮዋ «ይታገድ» አላሉም። «አንድ በሉን» ያለ ሰው መፍትሔውን አልተናገረም። ችግሬ ከአቅሜ በላይ ሆነ፣ እናንተ አቅም አላችሁ፣ የምታደርጉትን አድርጉ ነው የሚለው። አገር ቤት ውሃ የጠፋበት ሠፈር «የሚመለከተው አካል አንድ ይበለን» ሲል ቧንቧውን ዝጉት ማለቱ አይደለም። ሴትዮዋ ከአንድ በላይ ነገር ነው የዘረዘሩት፦ ሥራ፣ ቋንቋ፣ ሐኪም፣ እንቅልፍ። እኔ አራቱንም ሰብስቤ አንድ ክልከላ አደረግኳቸው።

ለምን? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሰዓት አንሶኝ ነበር፤ እውነት ነው። ስብሰባው «ይከልከል ወይስ አይከልከል» ብሎ ስለተጠራ ሌላ መልስ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረውም፤ ይህም እውነት ነው። ሦስተኛውን ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እኔ ራሴ ቃሚ ነበርኩ። ጫት ካቆምኩ ያኔ ሁለት ዓመቴ ነው። ሀራራውን አውቀዋለሁ፣ ዱካኩንም። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ጠዋት ራስ ምታት። ከዚያ የወጣ ሰው ደግሞ አንዳንዴ የንስሐ አባት ካልሆንኩ ይላል። ከኋላ የተቀመጡትን ወንዶች ሳያቸው ራሴን ነበር የማየው። ይዘጋባቸው አልኩ፣ በልቤ። አፌ ደግሞ ልቤን ተከተለ።

አስተርጓሚ ሲሠለጥን መጀመሪያ የሚነገረው አትጨምር፣ አትቀንስ፣ የራስህን አታስገባ ነው። እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስቱንም አፈረስኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው።

## መጠየቅ ግዴታ፣ መስማት ውዴታ

የእኔ ቃል ሕግ አላወጣችም። ይህን ያህል ራሴን አልክብም። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ስከታተል፣ አዳራሹ ውስጥ የሠራሁትን ስህተት አንድ ትልቅ መንግሥት በትልቁ ሲሠራው ያየሁ መሰለኝ።

የእንግሊዝ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ መሠረቱ የ1971 አዋጅ ነው። ዕፆችን በኤ፣ በቢ እና በሲ ይመድባል፤ ኤ ከባዱ፣ ሲ ቀላሉ ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንድ ነገር ከመጨመሩ ወይም ከማውጣቱ በፊት በዚሁ አዋጅ የተቋቋመውን የባለሙያዎች አማካሪ ምክር ቤት ማማከር አለበት። ሕጉ ማማከርን እንጂ መስማትን አያስገድድም። መጠየቅ ግዴታ ነው፣ መስማት ውዴታ።

ስለ ጫትም ተጠየቁ። በጃንዋሪ 2013 መልሳቸውን ሰጡ። ጫት አይከልከል አሉ። በኅብረተሰቡና በጤና ላይ ያደርሳል የሚባለው ጉዳት ለክልከላ የሚያበቃ ማስረጃ የለውም። ከአሸባሪዎች ጋር ይያያዛል የሚባለውም አልተገኘም። ይልቅ ችግር ያለበት ሠፈር ውስጥ በጤናና በማኅበራዊ አገልግሎት ድጋፍ ይሰጥ አሉ። ሪፖርቱን ሳነብ ሴትዮዋ ትዝ አሉኝ። እነዚህ ሰዎች አማርኛ ሳይችሉ «አንድ በሉን»ን ከእኔ በተሻለ ተርጉመውታል።

በዚያው ዓመት ጁላይ 3 ቀን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ጫት እንደሚታገድ አስታወቁ። አንዱ ምክንያታቸው ጎረቤት አገሮች፣ በቅርቡ ደግሞ ኔዘርላንድስ፣ ስለከለከሉ እንግሊዝ የማስተላለፊያ ጣቢያ ትሆናለች የሚል ነው። ይህ ፍሬ የሌለው ክርክር አይደለም። ሌላው የማኅበረሰቡ አቤቱታ ነው። ሳነበው ጆሮዬ ጋለ። በኖቬምበር የፓርላማው የአገር ውስጥ ጉዳዮች ኮሚቴ ውሳኔው እንዲቀለበስ ጠየቀ። አልተቀለበሰም። ጁን 24 ቀን 2014 ጫት ሲ ምድብ ገባ። ይዞ የተገኘ እስከ 2 ዓመት፣ የሸጠ እስከ 14 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

የሚገርመው፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ ተነጥሎ ሲወጣ ከዚያ በፊትም የተከለከለ ነበር። ቅጠሉ ግን ነፃ ነው። ካቲኖን ደግሞ ጫቱ ሲጠወልግ ይዳከማል። ያ ሁሉ የአውሮፕላን ሩጫ ለዚህ ነበር። ቃሚ ኬሚስትሪ ባይማርም ይህን ያውቃል፤ ገራባ ማንም አይፈልግም።

## «አይደል?»

በ2015 አንድ ቅዳሜ እንጀራ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ከኋላዬ «አንተ ልጅ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሴትዮዋ ናቸው። አቅፈው ሳሙኝ።

«አቦ፣ ያኔ አፍ ሆንከኝ» አሉኝ።

ምን ልበል? አንገቴን ሰበርኩ። ስለ ባለቤታቸው ጠየቅኳቸው።

«አቆመ። ማለቴ፣ እንደ ድሮው የለም። ዋጋው አይቀመስም። ደርቆ እንደ ሻይ ቅጠል የሚመጣ አለ አሉ፣ ሲያገኝ እሱን ነው። ሲያጣ ይጠጣል። ድሮ መጠጥ በደጁ አያልፍም ነበር።»

የእንጀራውን ፌስታል ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«አንድ ቀን ፖሊስ ይዞ ወረቀት ሰጠው። የዜግነት ፎርም ሞልተን ልናስገባ ስንል ነው። ፈርቶ ተወው፤ እስካሁን አላስገባም።»

ወረቀቱን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሲያዝ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛ 60 ፓውንድ ቅጣት። ሦስተኛ ተይዞ ጣቢያ መግባት። ማስጠንቀቂያው በራሱ የፍርድ ቤት ጥፋተኝነት አይደለም። ግን ይህን ለፈራ ሰው ማን ያስረዳዋል? ስደተኛ ስሙ በፖሊስ መዝገብ ሰፈረ ከተባለ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ከዚያ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝን ተናገሩ።

«ድሮ ሲቆይብኝ መፍረሹ ጋ እደውላለሁ፣ አገኘዋለሁ። አሁን የት እንደሚውል አላውቅም።» ትንሽ ዝም አሉ። «መንግሥት ከከለከለ ምን ይደረጋል። እኔማ ያን ቀን ይከልከል አይከልከል አላልኩም። ሰውየውን አንድ በሉት ነው ያልኩት። አይደል?»

ዓይኔን እያዩ ነው የሚጠብቁት።

«አዎ» አልኩ። «ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው ያሉት።»

ውሸት አይደለም። እሳቸው ያሉት እንደዚያ ነው። እኔ ያልኩትን አልጠየቁኝም።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ክልከላው የጠቀማቸውም አሉ። ሱቁ ሲዘጋ በዚያው የተላቀቁ ወንዶች አውቃለሁ። አንዱ ጎረቤቴ ዛሬ አውቶቡስ ይነዳል፤ «ባይከለከል እኔ አላቆምም ነበር» ይላል። ጫት እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ መሆኑን ደግሞ እኔ መካሪ አያሻኝም። ስለዚህ «ይፈቀድ ነበር» ብዬ ሰልፍ የምወጣ ሰው አይደለሁም። የሚያመኝ ሌላ ነው። ሱቁን የዘጋው እጅ ሌላ በር አልከፈተም። የቋንቋው ክፍል እንደሞላ ቀረ።

## ወንበሩ ሲናገር

ይህን ታሪክ አሁን የጻፍኩት ሬድዮ ሰምቼ ነው። በሜይ 2025 የለንደን ከንቲባ ሳዲቅ ካን ያቋቋሙት ኮሚሽን ሪፖርት አወጣ። መሪው የቀድሞው የሌበር ፓርቲ ሚኒስትር ሎርድ ፋልክነር ናቸው። ለግል የሚሆን ጥቂት ካናቢስ (ጋንጃ) መያዝ ወንጀል መሆኑ ይቅር፣ ሽያጩ ግን እንደተከለከለ ይቆይ አሉ። ፖሊስ ጋንጃ ፍለጋ መንገድ ላይ የሚያስቆማቸው ጥቁር ወጣቶች ከነጮቹ አንፃር ምን ያህል እንደሚበዙም አነሱ። ከንቲባው ሐሳቡን ደገፉ። የሌበር መንግሥት ሕጉን የመለወጥ ሐሳብ የለኝም ብሎ ወዲያው መለሰ። ሪፖርቱን አንብበው ለመጨረስ ጊዜ ነበራቸው? እንጃ።

እዚህ አገር ብዙ ከቆየህ ይህን ድራማ ትለምደዋለህ። ካናቢስ በ2004 ከቢ ወደ ሲ ወረደ። በ2009 አማካሪዎቹ እዚያው ይቆይ እያሉ ወደ ቢ ተመለሰ። በዚያው ዓመት የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ፕሮፌሰር ዴቪድ ነት ኤክስታሲ የተባለውን የጭፈራ ቤት ክኒን አደጋ ከፈረስ ግልቢያ ጋር አነጻጽረው ጻፉ። የፈረስ አገር ናት፣ ሰው ተቆጣ። በኦክቶበር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ አለን ጆንሰን ከቦታቸው አነሷቸው። አንተ ትመክራለህ እንጂ መንግሥትን አትከራከርም ነው ነገሩ። በ2023 ደግሞ ወጣቶች በፊኛ የሚስቡት የሳቅ ጋዝ ተራ ደረሰ። አማካሪዎቹ በዚህ አዋጅ አይግባ አሉ። በኖቬምበር ሲ ምድብ ገባ። ያኔ ሥልጣን ላይ ወግ አጥባቂዎቹ ነበሩ፣ በ2009 ሌበር። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እዚህ ግን እምቢ የሚለው ሌላ፣ መከራ የሚመክረው ሌላ ነው።

ሁሌ የሚገርመኝ ዴቪድ ካሜሮን ነው። በ2002 ገና አዲስ የፓርላማ አባል ሳለ የተቀመጠበት ኮሚቴ፣ መንግሥት በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ ዕፅን ሕጋዊ ማድረግን ጨምሮ ስለ ሌሎች አማራጮች ውይይት ይክፈት የሚል ሐሳብ አቀረበ። እሱም ደገፈ። በ2014 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ የራሱ መንግሥት ጥናት ወጣ። የቅጣት መክበድና የተጠቃሚ ቁጥር ግልጽ ግንኙነት የላቸውም ይላል። ካሜሮን ሕጉ አይነካም አለ። በጥናቱ የገፉበት የሊበራል ዴሞክራቱ ሚኒስትር ኖርማን ቤከር ብዙም ሳይቆዩ ሥራ ለቀቁ። ካሜሮን ሐሳቡን ቀይሮ ነው? ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ወንበሩ ነው የሚናገረው እላለሁ። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ እናቶች «አንድ በሉን» ሲሉት ነገ ጋዜጣ ላይ የሚታይ ነገር ማድረግ አለበት። ክልከላ ይታያል፣ ቀን አለው፣ ቁጥር አለው። የቋንቋ ክፍል መክፈት ግን የማንንም ፎቶ አያስወጣም።

ሬድዮው ላይ አንዲት እናት ደውላ ነበር። ልጇን በሄሮይን ያጣች። ጋዜጠኛው «ሕጉ ይላላ ወይስ ይጥበቅ?» አላት። ዝም አለች። ከዚያ «እኔ የምለው አንድ ነገር አድርጉ ነው» አለች። ጋዜጠኛው ደግሞ ጠየቃት። ይላላ ወይስ ይጥበቅ? መኪና ውስጥ ብቻዬን «አንተ ሰውዬ፣ ተዋት!» ብዬ ጮህኩ።

ግላስጎው ላይ ግን ሌላ ነገር ተሞክሯል። በጃንዋሪ 2025 በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ባሉ አገሮች ሁሉ የመጀመሪያው፣ ሱሰኞች ነርስ እያየቻቸው የራሳቸውን ዕፅ የሚወስዱበት ቤት ተከፈተ። ዘ ትስል ይባላል። የሞት ቁጥር ነው ያስገደዳቸው። ስኮትላንድ በ2020 ብቻ 1,339 ሰው በዕፅ ሞቶባታል። የ1971ዱ አዋጅ አንድ ፊደል አልተቀየረም። የስኮትላንድ የበላይ አቃቤ ሕግ ዶሮቲ ቤይን እዚያ ቤት ውስጥ ለራሱ ዕፅ ይዞ የተገኘን ሰው መክሰስ ለሕዝብ አይጠቅምም አሉ። በቃ። ያው ሕግ፣ ሌላ ንባብ። በሥራዬ ምክንያት ይሆናል፣ እኔ ይህን እንደ ትርጉም ነው ያየሁት። ቤቱ ይሥራ አይሥራ ጊዜ ያሳያል፤ ሠፈርተኛውም ከወዲሁ መርፌ በዛብን እያለ ነው።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ጮኸ። ሴትዮዋ ናቸው። ከሐኪም የመጣ ደብዳቤ አለ፣ ልጆቹ ወጥተዋል፣ ናና አንብብልኝ አሉኝ። ሄድኩ። ቡና ቀርቧል። ባለቤታቸው ጓዳ ተኝተዋል፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ደብዳቤው አጭር ነው። ስለ ባለቤታቸው እንቅልፍ የሚነጋገር ባለሙያ ተመድቧል፣ ከቀጠሮው በፊት ደውሉና ችግሩን አስረዱ ይላል።

«በል እንግዲህ ደውልና አንድ በለኝ» አሉኝ።

ስልኩን አነሳሁ። ቁጥሩን ግማሽ መትቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

«እትዬ፣ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«አንተ ታውቀው የለ እንዴ።»

«አላውቅም። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። ወደ ጓዳው በር አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከድሬዳዋ ጀመሩ፣ ከሱቁ።